ኦንላይን የገዛሁት ጠገራ ብር ኦሪጅናል ነው ወይስ ተሸውጃለሁ?

የኮዬው_ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ እስቲ ስለ ድሮ ብር የምታውቁ እርዱኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ ግን ያሉኝ ያው የጃንሆይና የደርግ ሳንቲሞች ናቸው፣ ከዘመድ መሳቢያና ከመርካቶ የለቃቀምኳቸው። ጠገራ ብር ግን፣ ያ ማርያ ትሬዛ የሚባለው ትልቁ የድሮ ብር፣ ሁሌ ያምረኝ ነበር። ቴሌግራም ላይ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ቻናል "ማርያ ትሬዛ፣ ኦሪጅናል 1780፣ ከአያት የወረደ" ብሎ ፖስት አደረገ፣ ፎቶው ላይ ጠቆር ያለ የእውነት ያረጀ ነው የሚመስለው። ስምንት ሺህ አለኝ፣ ተከራክረን በስድስት ሺህ አምስት መቶ ተስማማን፣ ግማሹን በሞባይል ባንኪንግ ላኩለት ግማሹን ዕቃው ሲደርስ ለሞተረኛው ሰጠሁ። ሞተረኛው ሲመጣ መሽቶ ነበር መብራትም ጠፍቶ ስለነበር በስልክ ባትሪ አየት አድርጌ ኪሴ ከተትኩት።

በቀን ብርሃን ሳየው ግን ነገሩ አልጥም አለኝ። በመጀመሪያ ጥቁር ጥቁሩ ነገር በጨርቅ ሳሸው ጨርቁ ላይ ለቀቀ፣ ከስሩ የወጣው ደግሞ ገና ትላንት ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ጠርዙ ላይ ፊደል መኖር አለበት ሲባል ሰምቻለሁ፣ አለው ግን ደብዛዛ ነው አንዳንድ ቦታ ጭራሽ አይታይም፣ መሀል ለመሀል ደግሞ ቀጭን መስመር ዙሪያውን ትዞራለች። ቃሊቲ አንድ ወርቅ ቤት አስመዘንኩት 27.1 ግራም መጣ። ሰውዬው በአሲድ ልፈትሽልህ ብሎኝ ነበር፣ ይበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ። ማግኔት አይስበውም፣ እሱ ብቻ ነው ትንሽ ተስፋ የሰጠኝ።

ሻጩን ስጠይቀው "አሮጌ ስለሆነ ተበልቶ ነው ክብደቱ የቀነሰው፣ ቀኑን አታየውም እንዴ 1780 ይላል" አለኝ። እውነቱን ነው? ወይስ ብሬን በልቶኛል?

ሳንቲም_ለቃሚ፦
ወንድሜ ቀኑን እርሳው። ጠገራ ሁሉ ማለት ይቻላል 1780 ነው የሚለው። ፊቷ የተቀረጸው የኦስትሪያ ንግስት ማርያ ትሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፣ ከዛ በኋላ በኦስትሪያም በሌላ አገርም እየተመታ ሲወጣ ቀኑን አልቀየሩትም፣ ምክንያቱም እዚህ እኛ ጋርና ቀይ ባህር ማዶ የመን ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም ነበር። ቪየና ዛሬም ድረስ ይመታል፣ እሱም 1780 ነው የሚለው። ስለዚህ "ቀኑን አታየውም እንዴ" ያለህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ አንተ እንደማታውቅ አውቋል። ማግኔቱም ቢሆን ምንም አይነግርህም፣ ብርንም መዳብንም ነሀስንም አይስብም፣ የሚይዝልህ እንደ ብረት ያለ ከሆነ ነው።

ሰበታ_ነኝ፦
"ከአያት የወረደ" ሲልህ አያትህ የት አገር ፋብሪካ ነው የሚሰሩት አትለውም 😂

አሮጌ_ወናፍ፦
ልጄ፣ አባቴ አንጥረኛ ነበሩ፣ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ብር ሳቀልጥ ነው የኖርኩት፣ አሁን ዓይኔ ስለደከመ ሱቁን ለልጄ ለቅቄ ለገዳዲ አካባቢ ተቀምጫለሁ። ድሮ ሰው መስቀል ሥራልኝ ድሪ ሥራልኝ ብሎ ሲመጣ ጠገራውን ይዞ ነበር የሚመጣው፣ ዛሬ በየሰው አንገት ላይ የምታየው የድሮ የብር መስቀል ብዙው የቀለጠ ጠገራ ነው። ሚዛናችንም እሱው ነበር፣ አንድ ወቄት ማለት የአንድ ጠገራ ክብደት ነው፣ ወርቅም ዝባድም በሱ ነው ሲመዘን የኖረው። ስለዚህ ክብደቱን ልንሳሳት አንችልም፣ አዲሱ 28 ግራም ከትንሽ ነጥብ ነው፣ 28.07 በለው። ከሺህ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው ሌላው መዳብ።

አሁን ያንተ 27.1 መጣ ማለት ብቻውን ሐሰተኛ አያደርገውም። ገበያ ለገበያ ሲዞር፣ አንገት ላይ ሲንጠለጠል፣ ከሌላው ጋር ሲፋተግ የኖረ ጠገራ ይበላል፣ ሻጩ እዚህ ላይ የተናገረው ልክ ነው። ግን የተበላ ብር እንዴት እንደሚበላ ማወቅ ነው። የሚያልቀው ከፍ ከፍ ያለው ቦታ ነው፣ የሴትዮዋ ጉንጭ፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር፣ በጀርባው ደግሞ የንስሩ ደረትና የክንፎቹ ጫፍ። እዛ ለስልሶ ያበራል፣ ጎድጎድ ያለው ቦታ ጥቁር እንደያዘ ይቀራል። ያንተ ፊቷ ላይ ምንም ሳይበላ ክብደቱ አንድ ግራም ከጎደለ የጎደለው ግራም የት ሄደ?

ጥቁሩን በተመለከተ፣ ብር በራሱ ጊዜ ሲጠቁር ጥቁሩ የራሱ የብሩ ቆዳ ነው የሚሆነው፣ በደረቅ ጨርቅ ስታሸው ቢደበዝዝ እንጂ እንደ ጥላሸት ተጠርጎ አይወጣም። ብርን አስረጅተው መሸጥ የሚፈልጉ በድኝ ያጠቁሩታል፣ የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጋር አፍነው የሚያሳድሩትም አሉ፣ እሱ እንኳን ለእውነተኛ ብር ነው የሚሠራው። ያንተ ላይ ያለው ጨርቅ ላይ ከለቀቀ ቀለም ነው ወይም ዘይት የነካው ጥላሸት ነው።

እኔን በጣም ያስጠረጠረኝ ግን ጠርዙ ነው። ጠገራ በማተሚያ ተመትቶ ነው የሚወጣው፣ ጠርዙ ላይ ያሉት የላቲን ፊደሎች ወደ ውጭ የወጡ ናቸው፣ በጥፍርህ ስትሄድበት ይቆጠቁጥሃል፣ በየመሃሉም አበባ አበባ ጌጥ አለ። "ፍትህና ምህረት" ማለት ነው ይላሉ ያነበቡ ሰዎች። ፊደል ከጠርዝ ላይ ያወጡበት ምክንያት ሰው ብሩን በሞረድ እየላገ ዱቄቱን እንዳይሰበስብ ነው፣ ከተላገ ወዲያው ይታወቃላ። መሀል ለመሀል የምትዞር መስመር ግን የማተሚያ ሥራ አይደለችም፣ ሁለት ግማሽ ቅርጽ ገጥመህ ውስጡ ስታፈስ የምትቀር መገጣጠሚያ ናት። እኔ ራሴ ቀለበት ሳፈስ ትወጣለች፣ እኛ በሞረድ እናጠፋታለን፣ እሱ ግን ቢሞርዳት ፊደሉ አብሮ ይጠፋበታል።

አንድ ሌላ ነገር እይ። ትከሻዋ ላይ ክብ ጌጥ አለ፣ ዙሪያውን ዕንቁ የተደረደረበት። አጉሊ መነጽር ወይም የስልክህን ካሜራ አስጠግተህ እይው፣ ዕንቁዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው መቆጠር አለባቸው። ድሮ ባላገሩ ጠገራ ሲቀበል እሱን ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር። የፈሰሰ ከሆነ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ገመድ ነው የሚታየው።

የኮዬው_ልጅ፦
ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው እግዜር ይስጥልኝ። አሁን በስልክ አጉልቼ አየሁት፣ ዕንቁዎቹ እውነትም ተያይዘዋል፣ በአንድ በኩል ሦስት አራቱ ይለያሉ ሌላው ግን ዝም ብሎ ክብ መስመር ነው። ፊቷ ላይ ደግሞ የተበላ ነገር የለም፣ ግን ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ፣ እንደ ብጉር ነገር። እሱ ከምን ነው የሚመጣው?

አሮጌ_ወናፍ፦
አየር ነው። ሲፈስ አየር ይዞ ቀርቷል። ተመትቶ የወጣ ብር ላይ እንደዛ አይኖርም።

ጥንት_ወዳጅ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ልበል፣ ለኔ ንግስቲቱ ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ኮፒ ነው። በህይወት እያለች ከተመታው ውጪ ሌላው "ኦሪጅናል" ተብሎ መሸጥ የለበትም፣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚከራከረው። የአንተም የቪየናም ያው ናቸው፣ ልዩነቱ አንዱ ብር መሆኑ ነው።

እህት_ከለገጣፎ፦
ልዩነቱ አንዱ ብር መሆኑ "ብቻ" ነው እንዴ፣ ዋናው እሱ አይደል እንዴ 😀 ገንዘቡ የሚታመነው በውስጡ ባለው ብር ነው፣ አያቶቻችን ሲቀበሉት የነበረው እኮ አብዛኛው ከሞተች በኋላ የተመታው ነው። ከ1780 በኋላ ያለውን ሁሉ ፎርጅድ ካልን አድዋ ዘመን በገበያ ላይ የነበረው ገንዘብ ሁሉ ፎርጅድ ነበር ልንል ነው።

ታሪኩ ደግሞ ደስ ይላል፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 ሳንቲሙ የሚመታበትን ማህተም ከኦስትሪያ ወሰደ፣ ምክንያቱም እዚህ መጥቶ ለሠራተኛውም ለነጋዴውም የሚከፍለው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፣ የሱን ሊሬ ማን ይቀበለዋል። ሮም መምታት ጀመረች። ከዛ እንግሊዞቹ ደግሞ ለቀይ ባህር ንግዳቸው ከቪየና መግዛት ሲያቅታቸው ራሳቸው ለንደን መቱ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምቤይ፣ በኋላ በርሚንግሃም፣ ፓሪስና ብራስልስም መትተዋል። ሁሉም 1780 ነው የሚለው፣ ሁሉም ግን ክብደቱንና የብሩን መጠን ጠብቀው ነው የመቱት፣ ካልጠበቁማ ማን ይቀበላቸዋል። እኛ ጋር ከገበያ መውጣት የጀመረው ሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መሆን ያለበት "1780 ነው ወይ" ሳይሆን መንግስት ያለው ማተሚያ ቤት የመታው ነው ወይ፣ ብርስ ነው ወይ። የሮሙን ከበርሚንግሃሙ ለመለየት የሚሞክሩ ሰብሳቢዎች አሉ፣ የንስሩን ጭራ ላባና የፊደሉን አቀማመጥ እያዩ፣ እሱ ግን ለጀማሪ ራስ ምታት ነው። የ1780 የራሷ ዘመን ነው ብሎ ተጨማሪ ብር የሚጠይቅ ሻጭ ሲመጣ በምን ለየኸው በሉት።

ጥንት_ወዳጅ፦
እሺ ስለ ገንዘብነቱ ተስማማሁ። ለሰብሳቢ ግን እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ በርሚንግሃምና የድሮው አንድ ዋጋ ሊሆን አይችልም፣ እሱን አለቅም።

እህት_ከለገጣፎ፦
አንድ ነው ያለ የለም።

ሚዛን_ወዳጅ፦
ክርክሩን ተውትና ልጁን እንርዳው። ወንድም አሲድ ከፈራህ ሳትጭረው የምትለይበት መንገድ አለ፣ የምትፈልገው 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሿን ዲጂታል ሚዛን ነው፣ የወጥ ቤቷ በአንድ አንድ ግራም የምትቆጥረዋ አትሆንም። መጀመሪያ ሳንቲሙን በደረቁ መዝን። ከዛ ብርጭቆ ውስጥ ውሃ አድርገህ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረህ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥመው፣ ግን ታችም ጎንም እንዳይነካ፣ ክሩን በእጅህ ይዘህ። አሁን ሚዛኑ የሚያነበው ሳንቲሙ የገፋውን ውሃ ነው። የደረቁን ክብደት ለዛ ቁጥር ስታካፍል የሚመጣው ዴንሲቲው ነው፣ ማለትም አንድ ሴንቲሜትር ኩብ ስንት ግራም እንደሚመዝን። የጠገራ ብርና መዳብ ድብልቅ 10.2 አካባቢ ይመጣል፣ ማለትም ሙሉ ክብደት ያለው ከሆነ ውሃው ውስጥ 2.75 ገደማ ያነባል። መዳብ ወይም መዳብና ኒኬል ከሆነ 8.9፣ ነሀስ ከዛም ያንሳል። የዚህ ጥሩነቱ ሳንቲሙ ቢበላም ባይበላም ቁጥሩ አይቀየርም፣ ሲበላ ክብደቱም መጠኑም አብሮ ነው የሚቀንሰው፣ ሻጩ በ"ተበልቶ ነው" ሊያመልጥ አይችልም።

ፌስቡክ ላይ በረዶ አስቀምጥበት ቶሎ ከቀለጠ ብር ነው የሚሉትን አትስማ፣ መዳብም ሙቀት በደንብ ስለሚያስተላልፍ በረዶውን ያቀልጠዋል።

የኮዬው_ልጅ፦
አደረግኩት! ጎረቤቴ ቤቷ ሳሙና እየሠራች ትሸጣለች፣ ሽታውን የምትመዝንበት 0.01 የሚያነብ ሚዛን ነበራት። እሷም ሥራዋን ትታ ቁጭ ብላ ነው ያየችው፣ ልጆቿ ዙሪያውን ከበውን። መጀመሪያ ቁጥሩ አልረጋ አለ፣ ለካ ሳንቲሙ ስር የአየር አረፋ ተለጥፎ ነው፣ በክሩ ወዝወዝ ሳደርገው ለቀቀ። በደረቁ 27.10፣ ውሃ ውስጥ 3.05። ሲካፈል 8.9 መጣ።

ምናልባት እኔ አሠራሩን ተሳስቼ ይሆን ብዬ ደግሞ የጃንሆይን የ1936ቱን ሀምሳ ሳንቲም አመጣሁ፣ እሱ የብር እንደሆነ አውቃለሁ። በደረቁ 6.98፣ ውሃ ውስጥ 0.69፣ ሲካፈል 10.1 ሆነ። ስለዚህ ሚዛኑም እኔም ደህና ነን፣ ችግሩ ሴትዮዋ ጋር ነው።

ሚዛን_ወዳጅ፦
በሌላ ሳንቲም ማረጋገጥህ በጣም አሪፍ ነው። በቃ አለቀ፣ 8.9 ብር አይደለም።

አሮጌ_ወናፍ፦
መዳብ ያለበት ነው፣ ላዩን ብር ነክረውታል። ከፈለግህ አሁን ያለ ፍርሃት ወደዛ ወርቅ ቤት ተመለስና ጠርዙን በሞረድ ትንሽ ነካ አድርጎ አሲዱን ጠብ ያድርግበት፣ አረንጓዴ ሆኖ ይፈላልሃል። ሻጩ ፊት ለፊት ቢደረግ ደግሞ የተሻለ ነው፣ ብዙ ንግግር ያስቀራል።

የኮዬው_ልጅ፦
ሻጩን ደወልኩለት። መጀመሪያ አላነሳም፣ ከዛ ቁጥሮቹን በቴክስት ስልክለት ወዲያው ደወለ። "እኔም ከሰው ነው የገዛሁት፣ ችግር የለም ሌላ እቀይርልሃለሁ፣ እጄ ላይ ሌላ አራት አለኝ ምረጥ" አለኝ። ምን ትላላችሁ ልቀበለው?

ሰበታ_ነኝ፦
አራቱም ከአንድ አያት ነው የወረዱት?

እህት_ከለገጣፎ፦
ሌላ እንዳትቀበል! የአራቱንም ፎቶ አስልክና ከያንተ ጋር አስተያይ፣ የሚታይ ጭረት ወይም ጉድጓድ በሁሉም ላይ እዛው ቦታ ላይ ካለ ከአንድ ቅርጽ ነው የፈሰሱት፣ ሁለት የተለያዩ አሮጌ ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ጭረት ሊኖራቸው አይችልም። ገንዘብህን ነው መጠየቅ ያለብህ። ፖስቱን አሁኑኑ ስክሪንሾት አድርግ "ኦሪጅናል" የሚለው ቃል እንዲታይ፣ የላክበትን የባንክ ደረሰኝ፣ የተጻጻፋችሁትንም። ቻናሉን ከሰረዘው ምንም አይኖርህም። ፖሊስ ጋ ብትሄድም መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።

ሚዛን_ወዳጅ፦
ማታ ሞተረኛ ይዞልህ እንዲመጣ አትስማማ። በቀን፣ ወርቅ ቤቱ በር ላይ ተገናኙ በለው። ሐሰተኛውን ደግሞ ብሩን ሳይመልስልህ እንዳትሰጠው።

የኮዬው_ልጅ፦
ፎቶዎቹን ላከልኝ። ከአራቱ በሁለቱ ላይ አንገቷ ስር ያችው የኔዋ ጉድጓድ አለች፣ እዛው ቦታ። ክብ አድርጌበት መልሼ ላኩለት። አሁን "ግማሹን ልመልስልህ" ብሏል፣ ሙሉውን ካልሆነ አልኩት፣ ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ እንገናኝ ተባብለናል። ስክሪንሾት ሁሉንም አድርጌያለሁ።

ገላን_ኮንዶ፦
ይቅርታ በመሀል ገባሁ፣ እኔ ከዛው ቻናል የምኒልክ ብር ልገዛ ቀብድ ልልክ ነበር። በዚሁ በውሃው መንገድ መለየት ይቻላል?

ሚዛን_ወዳጅ፦
ይቻላል፣ የምኒልክ አንድ ብር ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ ነው የተመታው፣ ከጠገራው ጋር እንዲስማማ ተብሎ ክብደቱ እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ብሩም ከሺህ 835 ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ያው 10.2 አካባቢ ነው። በተጨማሪ የግዕዙን ፊደልና ቁጥር አንብበው፣ ግዕዝ የማያነብ ሰው የቀረጸው ከሆነ አንዷ እግር ጎድላ ወይ ፊደሏ ተንጋድዳ ታገኛታለህ። ቀብዱን ግን አትላክ፣ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ቪዲዮ ይላክልህ። ሌላ ጥያቄ ካለህ አዲስ ፖስት ክፈትና ፎቶውን ለጥፍ፣ ጠርዙንም ጭምር።